ሐኪም ጡረታ ሲወጣ

(ቦታው ደብረ ማርቆስ ነው። ጠያቂዋ የማህፀንና የጽንስ ሐኪም ናት። መላሹ በምሥራቅ ጎጃም ሆስፒታሎች በቀዶ ሕክምና አገልግለው ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው።)

ሐኪሟ፦ ጋሼ፣ ስድሳ ሊሞላኝ ሦስት ዓመት ቀረኝ። እንዴት ልዘጋጅ? ከገንዘቡ ልጀምር ወይስ ከልቤ?

አዛውንቱ፦ ከገንዘቡ ጀምሪ፤ ልብ በችግር ላይ ሆኖ አይረጋጋም። ስድሳ ሲሞላሽ አገልግሎትሽ ስንት ዓመት ይሆናል?

ሐኪሟ፦ ሠላሳ አራት።

አዛውንቱ፦ እናስላው። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ አሁን የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ ይያዝልሻል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የቀረው 24 ዓመትሽ 30 በመቶ ያመጣልሻል፤ ሲደመር 60 በመቶ። ይህ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝሽ ላይ ነው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ቤትሽን ያቆመው ደመወዝሽ ብቻ ነው?

ሐኪሟ፦ ኧረ የለም። የዲዩቲው ክፍያ ነው እንጂ። የቤት አበልም የተጋላጭነት አበልም አለ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ ክሊኒክ እሠራለሁ።

አዛውንቱ፦ ብዙ ሐኪም የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ጡረታ የሚቆረጠው ከመደበኛ ደመወዝ ነው፤ ካንቺ 7 በመቶ፣ ከመንግሥት 11 በመቶ። ዲዩቲውና አበሉ የሉበትም፤ ስለዚህ ስትወጪ አብረውሽ አይወጡም። 60 በመቶ ሲባል ቤት ከሚገባው ገንዘብ ስድሳ በመቶው እንዳይመስልሽ። ከዚህ ወር ጀምረሽ የዲዩቲውን ብር አትንኪው፤ ቤቱን በደመወዝ ብቻ አስተዳድሪ። ጥቂት ወራት ስትኖሪው የቱ ወጪ እንደሚቀነስና የቱ እንደማይነካ ራስሽ ታዪዋለሽ። ልጆችሽም አብረው ይልመዱት። የምትኖሪው በመንግሥት ቤት ከሆነ ደግሞ የቤቱን ነገር አስቀድመሽ አስቢበት፤ ጡረታ ወጥቶ ቤት መሥራት ከባድ ነው።

ሐኪሟ፦ መሀል ላይ ለጥቂት ዓመታት በግል ሆስፒታል ሠርቻለሁ። ያ ቀልጦ ይቀራል?

አዛውንቱ፦ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የግል ድርጅት ሠራተኛም ጡረታ አለው፤ የሁለቱ አገልግሎት ይያያዛል። ግን ወረቀት ይፈልጋል። መዋጮው ገቢ ስለመደረጉ፣ የገባሽበትና የለቀቅሽበት ቀን፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ፣ ሁሉም መገኘት አለበት። ሞጣ የሠራሽበት ማኅደር ሞጣ፣ ብቸና የሠራሽበት ብቸና ሊቀር ይችላል። የሚያውቅሽ የሰው ሀብት ሠራተኛ ሳይቀየር አሰባስቢው።

ሐኪሟ፦ የገንዘቡን ተረዳሁ። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሌሊቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ስልክ እየቀሰቀሰኝ ኖሬ፣ ማንም ሳይጠራኝ ሲነጋ ምን እሆናለሁ?

አዛውንቱ፦ ይከብድሻል ልጄ፤ አልደብቅሽም። ስልኩ ባይጮህም ሰውነትሽ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነቃል። ያን ጊዜ የሞቱብሽ ይመጣሉ። ሥራ ላይ እያለሽ ለአንዷ ሳታለቅሺ ሌላዋ ትደርሳለች፤ ጊዜም የለ። ጡረታ ስትወጪ ግን ጊዜው አለና ሁሉም በየተራ ይመጣሉ።

ሐኪሟ፦ አሁንም ይመጣሉ። ከጮቄ ሥር በቃሬዛ ያመጧት አንዲት እናት ነበረች። ሌሊቱን ሙሉ ሲሸከሟት አድረው፣ ሲደርሱ ደሟ አልቆ ነበር። ቃሬዛውን አስቀምጠው የቆሙት ጎረቤቶቿ ፊት አሁንም ይታየኛል።

አዛውንቱ፦ መንገዱ የገደላትን አንቺ እንደገደልሻት አድርገሽ አትያዢ። ይህን ለራስሽ ብቻ አትንገሪው፤ ለሰው ተናገሪው። ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ አብሮሽ ለሠራ ሐኪም ንገሪ። እኛ ሐኪሞች ለታካሚ “ተናገር፣ አትደብቅ” እንላለን፤ የራሳችንን ግን አፍነን ይዘን እናረጃለን። እንቅልፍ እያጣሽ ከቆየሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ከሰው መገለል ከጀመርሽ፣ ምልክቱን ታውቂዋለሽ፤ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ይህን የምልሽ ጡረታ ወጥተው ዝም ብለው የተጎዱ ባልደረቦች ስላየሁ ነው።

ሐኪሟ፦ ታዲያ ባልወጣስ? የፊስቱላ ሆስፒታሉ መሥራች ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በፈረንጆቹ 1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በ2020 በ96 ዓመታቸው እስኪያርፉ ከታካሚዎቻቸው አልተለዩም።

አዛውንቱ፦ እውነት ነው። ግን አጠገባቸው ማን እንደነበረ ተመልከቺ። ማሚቱ ጋሼ በፊስቱላ ታማሚነት መጥታ፣ የቀለም ትምህርት ሳትማር እዚያው ሠልጥና ቀዶ ሐኪሞችን እስከማሠልጠን ደረሰች። ባሕር ዳር ማዕከል ተከፈተ፤ በ2007 እ.ኤ.አ. የአዋላጆች ኮሌጅ ተቋቋመ። እሳቸው ቢያርፉም ሥራው አልቆመም። አንቺ ነገ ብትታመሚ፣ ዋርድሽ ውስጥ የተቀደደ ማህፀን የሚሰፋ ሌላ እጅ አለ?

ሐኪሟ፦ አንድ ወጣት አለ። እጁ ጥሩ ነው፤ ግን ከባዱን እኔ ነኝ የምሠራው።

አዛውንቱ፦ እንግዲህ ዋናው ዝግጅትሽ እሱ ነው። በቀሩሽ ዓመታት ከባዱን ለሱ ስጪውና አንቺ በአጋዥ ወገን ቁሚ። ደም ሲፈስ እጅሽ ወደ መርፌ መያዣው እንዳይሮጥ ያዢው፤ እስኪቸግረው ጠብቂው፣ ለታካሚዋ አስጊ ከሆነ ብቻ ግቢ። ይህ ከመሥራት ይልቅ ይከብዳል። ደግሞም ከመጽሐፍ የማያገኘውን ንገሪው። በክረምት የትኛው ወንዝ ሲሞላ ከየትኛው ወረዳ እናቶች እየዘገዩ እንደሚደርሱ፣ የትኛው ጤና ጣቢያ ሪፈር ሲጽፍ ቶሎ እንደሚደውል፣ ደም ሲጠፋ ማን ዘንድ እንደሚደወል። ጻፊለት። አንድ ሐኪም ይህን ይዞ ሲወጣ፣ ከኋላው ያለው ሁሉንም በሰው ነፍስ ላይ ሊማረው ነው።

ሐኪሟ፦ ሰውስ? ጡረታ ወጣች ብሎ መቼ ይተወኛል!

አዛውንቱ፦ አይተውሽም። ራጁን በፌስታል ይዞ ደጅሽ ይቀመጣል። “እሷ ካላየችኝ” የሚሉ እናቶች ይመጣሉ። አስገቢያቸው፣ ቡና አጠጪ፣ አድምጪ። በረንዳ ላይ ግን መድኃኒት አትዘዢ። የደም ግፊት ሳይለካ፣ ላቦራቶሪ ሳይታይ፣ ፈቃድሽም ሳይታደስ የሚጻፍ ወረቀት ደግነት ይመስላል፤ ሰው ይጎዳል። ያ ወጣት ሐኪም ዘንድ አጭር ደብዳቤ ጽፈሽ ላኪ፤ ስሙን ጠቅሰሽ፣ “እኔ ያስተማርኩት ነው” በይ። ሕዝቡ ካንቺ ወደሱ የሚሻገረው በዚህ ነው። መሥራት ከፈለግሽ ደግሞ ፈቃድሽን አድሰሽ፣ ሰዓት ወስነሽ፣ በተቋም ውስጥ ሥሪ።

ሐኪሟ፦ ከሕክምና ሌላ የማውቀው የለኝም።

አዛውንቱ፦ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን አስታውሺ። በልጅነታቸው ከመቅደላ በእንግሊዞች የተወሰዱት፣ በሕንድና በስኮትላንድ የተማሩት። ዕድሜያቸውን በበርማ በሐኪምነት አገልግለው ጡረታ ሲወጡ በ1919 እ.ኤ.አ. አገራቸው ገቡ፤ ያኔ ከሃምሳ ዓመት አልፈው ነበር። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት የመጀመሪያው ኃላፊ እሳቸው ሆኑ። ከዚያ ጨርጨርን አስተዳደሩ፤ ጣሊያን ሊወርረን ሲል በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። ስማቸውን ዛሬ የምናነሣው ከጡረታቸው በኋላ በሠሩት ነው። አንቺ አገር አስተዳድሪ አልልሽም። ግን ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ደጅሽ ነው፤ የአዋላጅና የሕክምና ተማሪ ሞልቷል። ደግሞም ባለቤትሽን አነጋግሪ። ሠላሳ ዓመት ዲዩቲ ስትወጪ ብቻውን እራት የበላ ሰው ነው፤ ቀኑን እንዴት እንደምታሳልፉ ሁለታችሁ ካልተነጋገራችሁ በአንድ ቤት ትቸገራላችሁ።

ሐኪሟ፦ እሺ ጋሼ። የቱን ላስቀድም?

አዛውንቱ፦ ሰኞ ራውንድ ሳትጀምሪ የሰው ሀብት ክፍል ግቢና ማኅደርሽን አስወጪ። መጀመሪያ ስትቀጠሪ የሞላሽውን የትውልድ ዘመን ተመልከቺ፤ የጡረታ ዕድሜ የሚቆጠረው በሱ ነውና ሦስት ዓመት ያልሽው ሁለት ሊሆን ይችላል። የጎደለውን ደብዳቤ በዝርዝር ያዢ። ከዚያ ዋርድ ስትደርሺ ያን ወጣት ጥሪው፤ የዚያን ቀን ኦፕራሲዮን እሱ ይሥራ፣ አንቺ አግዢው።