«አትፍረዱ» የሚለው ትእዛዝና የባልንጀራ ፍቅር



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በተራራው ስብከቱ (ማቴ 7፣1-5) በወንድማችን ላይ እንዳንፈርድ፣ ከእርሱም ጉድፍ በፊት በራሳችን ዐይን ያለውን ምሰሶ እንድናወጣ አዝዞናል። ይህ ሲባል ክፉውን መልካም ነው እንበል ማለት አይደለም፤ በዚያው ምዕራፍ ዛፍ ከፍሬው እንደሚታወቅ አስተምሯልና። ድርጊትን መመዘን ተፈቅዶልናል፤ የሰውን ልብ መርምሮ የመጨረሻውን ቃል መስጠት ግን የእግዚአብሔር ብቻ ነው። አበውም «የሰው ሆድ የወፍ ወንድ አይታወቅም» ያሉት ይህንኑ አስተውለው ነው።

ከጎጃም የተገኘ ምስክር

ለዚህ ትምህርት ምስክር ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል የተወለዱት በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ በምትገኘው በዲቦ ነው። አንድ ዐይናቸው የማያይ፣ በመጻሕፍት ዕውቀታቸው ግን የታወቁ መነኵሴ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1841 ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ ከላኳቸው ልዑካን ጋር ሄዱ። አብረዋቸው የተጓዙት ኢጣሊያዊው ሚሲዮናዊ፣ የአገራችን ሰው «አቡነ ያዕቆብ» ያላቸው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነበሩ። አባ ገብረ ሚካኤልም ይህን የባዕድ አገር ካህን በመጀመሪያ በጥርጣሬ ተመለከቷቸው።

ቅዱስ ዮስጢኖስ እንደ አገሩ መነኰሳት ለብሰው፣ ቋንቋውን ተምረው፣ የግእዙን ሥርዓት አክብረው ይኖሩ ነበር። አባ ገብረ ሚካኤል እስከ ሮምና ኢየሩሳሌም በዘለቀው ጉዞ ይህን ትሕትና በቅርብ አዩ። በ1844 ከእርሳቸው ጋር በእምነት አንድ ሆኑ፤ በ1851 ከእጃቸው ክህነት ተቀበሉ፤ በ1855 ስለ እምነታቸው በሰንሰለት ታስረው ሳሉ ዐረፉ። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1926 ብፁዕ ብለው ሰየሟቸው።

ይህን የምናነሣው ከኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ጋር ለመከራከር አይደለም። ከጥርጣሬው እስከ አንድነቱ ሦስት ዓመት ማለፉን እናስተውል ዘንድ ነው። ፍርድ ይቸኩላል፤ ፍቅር ግን ለሰው ጊዜ ይሰጣል። የተጠረጠሩት ታገሡ፤ የጠረጠሩትም በመጀመሪያ ግምታቸው ላይ አልቆሙም።

በመንደራችን ያለው ፍርድ

እኛስ? ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን «ቡዳ» ብሎ ማግለል ገና ከልባችን አልወጣም። እርሷ በሠራችው ድስት ወጥ እንሠራለን፤ እርሱ በቀጠቀጠው ማረሻ እናርሳለን፤ ልጅ ሲታመም ግን ዐይናቸውን እንከስሳለን፤ ለጋብቻም እንሸሻቸዋለን። ይህ ምስክር ያልቀረበበት፣ ተከሳሹም ያልተሰማበት ፍርድ ነው። ዐፄ ምኒልክ እንኳ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። ጌታችንም ራሱ የጠራቢ ልጅ ተብሎ ተንቋል (ማቴ 13፣55)። እርሱን በቅዱስ ቍርባን ተቀብለን እጀ ሥራተኛውን ከማእዳችን ብናርቅ፣ ቍርባናችን ምን ፍሬ አለው?

ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበትን ሰው፣ ያለ ጋብቻ የወለደችንም እኅት በሐሜት የምናቈስል እንዲሁ ነን። የሚታረም ጥፋት ካለ፣ ጌታ እንዳዘዘው (ማቴ 18፣15) ወደ ሰውየው ብቻችንን ሄደን እንንገረው። በቡና ላይ የሚወራ ጥፋት ማንንም አላረመም።

ለውይይት

1. ድርጊትን በመመዘንና በሰው ላይ በመፍረድ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

2. በቁምስናችን በሙያው ወይም በዘሩ ምክንያት ብቻውን የሚቀመጥ ማን አለ? በሚቀጥለው እሑድ ከጎኑ የሚቀመጠውስ ማን ነው?

3. የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ልጆች ጓደኛቸውን «ቡዳ» ሲሉ ቢሰማ፣ ተሳዳቢውን ሳያዋርድ እንዴት ያርመዋል?

ፍርዱን ለባለቤቱ ትተን ፍቅሩን እንድንፈጽም፣ የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ጸሎት ይርዳን። አሜን።