የእጅ ሥራ ጓንት በዐይን ተቆጥሮ ሲተመን

በእጅ የተሠራ የሱፍ ጓንት ለመሸጥ የሚነሣ ነጋዴ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ክር ይበላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ለአንገት ሻርፕ ተገቢ ሊሆን ቢችልም ለጓንት ሲሆን ግን ወደ ኪሣራ ይመራል። አንድ ጥንድ የአዋቂ ጓንት በመካከለኛ ውፍረት ክር ሲሠራ ከ60 እስከ 80 ግራም ይፈጃል፤ ይህም ከሁለት ባለ 50 ግራም የክር ጥቅሎች ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ ሥራውን የለመደች ባለሙያ ይህንኑ ጥንድ ለመጨረስ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ያስፈልጋታል። ዋናው ወጪ ሰዓቱ ሆኖ ሳለ ክሩን መዝኖ ዋጋ የሚቆርጥ ነጋዴ፣ ወይ ሠራተኛዋን ያስኮርፋል፣ ወይ ራሱ በሁለተኛው ወር ዕቃ ያጣል። ደግነቱ ሰዓቱ በግምት ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም። ሊቆጠር ይችላል፤ ለመቁጠር ግን ጓንቱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ላስቲክ የሚመስለው አሠራር

በሽቦ ላይ የሚደረደረው እያንዳንዱ የክር ቀለበት በዚህ ጽሑፍ «ዐይን» ተብሏል። የሹራብ ሥራ ሁሉ በሁለት ዓይነት ዐይን የቆመ ነው። ክሩ ከሥራው ጀርባ ሆኖ ሽቦው ከፊት ሲገባ ለስላሳው «ፊት ዐይን» ይወጣል፤ ክሩ ወደፊት መጥቶ ሽቦው ከኋላ ሲገባ ጉብ ያለው «ግልብጥ ዐይን» ይወጣል። ሁለቱ እየተፈራረቁ ሲሠሩ ቁመቱን የተከተለ መስመር ይፈጠራል፤ ጨርቁም እንደ ላስቲክ ይለጠጥና ይመለሳል። የሹራብ እጅጌ ጫፍ ላይ የሚታየው ይኸው ነው።

ለጓንት የሚመረጠው የዚሁ አሠራር ዘመድ የሆነ፣ መስመሩ ጉብ ጉብ ያለበት ዓይነት ነው። አንዱ ዙር አንድ ፊት፣ አንድ ግልብጥ እየተባለ ይሠራል፤ ቀጣዩ ዙር ሙሉ በሙሉ ፊት ይሆናል፤ ከዚያም ይደገማል። ውጤቱ አንዱ መስመር ለስላሳ፣ ጎረቤቱ ጉብታ ያለው ጨርቅ ነው። በጉብታዎቹ መካከል አየር ስለሚያዝ ይሞቃል፤ ብርድን የሚከላከለው ከክሩ ይልቅ በክሩ መሐል የቆመው አየር ነውና። የመለጠጥ ኃይሉ ከተራው ላስቲክ አሠራር ጥቂት ያንሳል፤ በምትኩ ቅርጹን ይጠብቃል፣ ትንንሽ የእጅ ስሕተቶችንም ይሸፍናል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለመልመድ የሚያስቸግረው ከሁለት ዙር አንዱ ብቻ ነው።

ጓንቱ ስፌት እንዳይኖረው ሁለቱም ጫፋቸው በሾለ አምስት ሽቦዎች በክብ ይሠራል። አራቱ ሽቦዎች ዐይኖቹን ይይዛሉ፤ አምስተኛው ይሠራል። ዙሪያው 20 ሳንቲ ሜትር ለሆነ እጅ፣ በ10 ሳንቲ ሜትር 22 ዐይን በሚሰጥ ክር፣ 44 ዐይን ይጀመራል። ዐይኖቹ በሽቦዎቹ ላይ 12፣ 12፣ 12 እና 8 ሆነው ቢከፈሉ ለአንባሩ ይመቻል፤ አንባሩ ሁለት ፊት፣ ሁለት ግልብጥ እየተባለ 7 ሳንቲ ሜትር ይሠራልና። ከዚያ ወደ ጉብ ጉቡ አሠራር ይገባል።

ከሁለት ዙር በኋላ በጓንቱ ጎን በኩል ባለች አንዲት ዐይን ግራና ቀኝ አንድ አንድ ዐይን ይጨመራል። በየሦስት ዙሩ ሰባት ጊዜ ሲጨመር የአውራ ጣቱ ሥር 15 ዐይን ይሆናል። እነዚህ በሌላ ክር ተሰክተው ይቆያሉ፤ በክፍተቱ ላይ አንድ ዐይን ተጨምሮ ዙሩ ወደ 44 ይመለሳል። ጣቶቹ እስከሚለያዩበት ድረስ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀጥላል።

ጀማሪዎች የሚደናገሩት ጣቶቹ ላይ ነው። መጀመሪያ ትንሿ ጣት ትሠራለች፦ ከመዳፍ በኩል 5፣ ከጀርባ በኩል 5፣ በመካከል የሚጨመሩ 2፣ በጠቅላላው 12 ዐይን። የትንሿ ጣት ሥር ከሌሎቹ ዝቅ ስለሚል፣ ከሥሯ 2 ዐይን ተለቅሞ የቀሩት 36 ዐይኖች ሁለት ዙር አብረው ይሠራሉ። ይህችን ሁለት ዙር የዘለለ ጓንት ሲለበስ ትንሿን ጣት ይስባል፤ ገዢው ምክንያቱን ባያውቀውም ጓንቱን አውልቆ ያስቀምጠዋል። ቀጥሎ ቀለበት ጣት 14፣ መሐል ጣት 15፣ ሌባ ጣት 15፣ በመጨረሻም አውራ ጣት 16 ዐይን ይዘው ይሠራሉ። ጣቶቹ ሁሉ ተራ ፊት ዐይን ይሁኑ፤ በጣት ላይ ጉብታ ከተጨመረ ጣት ከጣት ይጋፋል፣ ገንዘብ ለመቁጠርም አይመችም።

የአውራ ጣቱ ሥር በጎን በኩል ስለወጣና መዳፉና ጀርባው አንድ ዓይነት ስለሆኑ ይህ ጓንት ቀኝና ግራ የለውም። ለሱቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንዱ ቢበላሽ ከተመሳሳይ ቀለምና ልክ ሌላ ነጠላ ጋር ይጣመራል እንጂ አይጣልም።

ሒሳቡ

አሁን መቁጠር ይቻላል። በ10 ሳንቲ ሜትር ቁመት 30 ዙር ቢሄድ፣ አንባሩና እጁ በድምሩ 17 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 51 ዙር ናቸው፤ በ44 ሲባዛ 2,244 ዐይን ይሆናል። ለአውራ ጣቱ ሥር የተጨመሩት 168፣ ከትንሿ ጣት በኋላ ያሉት ሁለት ዙሮች 72 ናቸው። አምስቱ ጣቶች እንደ ቁመታቸው 1,419 ዐይን ይወስዳሉ። ድምሩ ለአንድ እጅ 3,903፣ ለጥንዱ ወደ 7,800 ዐይን ይመጣል።

በደቂቃ 20 ዐይን የምትሠራ ባለሙያ ይህን በስድስት ሰዓት ተኩል ትጨርሰዋለች። ሥራው ግን በዚህ አያበቃም። እያንዳንዱ ጣት ሲጀመርና ሲዘጋ የክር ጫፍ ይተዋል፤ በጥንዱ ላይ ወደ 20 የሚጠጉ ጫፎች በመርፌ ወደ ውስጥ መደበቅ አለባቸው። ዐይን መልቀም፣ ጫፍ መደበቅና አጥቦ ማስተካከል ሲታከልበት ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ለስሌት ያህል የአንድ ሰዓት ሥራ 60 ብር ቢባል፣ የዘጠኝ ሰዓቱ ጉልበት ብቻ ክሩ ሳይጨመር 540 ብር ነው። ያንኑ ጓንት ነጋዴው ለጉልበት 300 ብር ከፍሎ ቢወስድ፣ ሠራተኛዋ በሰዓት ከ34 ብር በታች አገኘች ማለት ነው። ሠራተኛዋ ይህን በወረቀት ባታሰላውም በወገቧ ታውቀዋለች።

ቆጠራው ሌላም ነገር ያሳያል። ጣቶቹ ከዐይኖቹ ብዛት ከሦስተኛ እጅ ጥቂት ይበልጣሉ፤ ከችግሩ ግን አብዛኛውን ይይዛሉ። ስለዚህ የጣቶቹ ጫፍ ክፍት የሆነው ጓንት፣ ጣቱ በመጀመሪያው መገጣጠሚያ ላይ ከቆመ፣ ከጥንዱ ላይ ወደ 1,900 ዐይን፣ ማለትም ሩብ ያህሉን ሥራ ይቀንሳል። ብር ለሚቆጥር ገንዘብ ተቀባይና ስልክ ለሚነካካ ሰውም ይሻላል። አራቱ ጣቶች በአንድ ከረጢት የሚገቡበት ዓይነት በዐይን ብዛት ብዙም አይቀንስም፤ ግን ሲገጣጠምና ጫፍ ሲደበቅ የሚጠፋውን ሰዓት ያስቀራል፣ ጣት ከጣት ስለሚሞቃቀቅም የበለጠ ያሞቃል። በጀማሪዎች የሚያሠራ ነጋዴ ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል።

ክር ሲገዛም ሒሳብ አለ። አንድ ጥንድ 70 ግራም ከወሰደ፣ ለእያንዳንዱ ጥንድ ሁለት ጥቅል የሚገዛ ሰው በየጥንዱ 30 ግራም ትርፍራፊ ይሰበስባል። በአንድ ጊዜ 7 ጥቅል የገዛ 5 ጥንድ ያወጣል፤ ከአንድ ማቅለሚያ ዙር የወጣ ክር ስለሚሆንም ቀለሙ አይለያይም። ልክን በተመለከተ 40፣ 44 እና 48 ዐይን ያላቸው ሦስት ዓይነቶች ከ18 እስከ 22 ሳንቲ ሜትር ያለውን እጅ ይሸፍናሉ። መስመር ያለው አሠራር ስለሚለጠጥ መካከል ላይ ያለው እጅ ራሱ ይገባበታል፤ ሱቁም በልክ ብዛት ገንዘቡን አያስርም።

ሌሎች የተማሩት

ማሽን ከዚህ ንግድ አጠገብ ከቆመ ቆይቷል። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሊ የካልሲ መሥሪያ ማሽኑን የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1589 ነበር። ስፌት የሌለው ጓንት ራሱን ችሎ የሚሠራ ማሽን በጃፓን ዋካያማ የሚገኘው ሺማ ሴኪ ኩባንያ አውጥቷል። ዛሬ በገበያ የሚታየው ርካሽ የሥራ ጓንት የእንዲህ ያሉ ማሽኖች ውጤት ነው፤ በዋጋ ከእርሱ ጋር ለመወዳደር የሚነሣ የእጅ ሥራ ገና ሳይጀመር ተሸንፏል።

በደቡብ ስኮትላንድ ያለችው ሳንከር የተባለች ትንሽ ከተማ ነገሩን በሌላ መንገድ ይዛዋለች። የሳንከር ጓንት በቀጭን ክር፣ በሁለት ቀለም፣ በትናንሽ አራት ማዕዘን ጥለቶች ይሠራል፤ አንባሩ ላይ የባለቤቱ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ይገቡበታል። ማሽን ሺህ ጓንት ቢያወርድም ለአንድ ሰው ስም ብሎ ሥራውን አያቆምም። ይህችው ከተማ ግን ከባድ ትምህርትም አግኝታለች። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የካልሲ ሠራተኞቿ ምርት በብዛት የሚጓዘው በአትላንቲክ ማዶ ወዳለችው ቨርጂኒያ ነበር። የአሜሪካ የነፃነት ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1775 ሲነሣ ያ ገበያ ተዘጋ፤ ብዙ ሽቦም ሥራ ፈታ።

በላትቪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2006 የኔቶ አባል አገሮች መሪዎች በሪጋ ሲሰበሰቡ፣ ለእንግዶቹ ስጦታ 4,500 ጥንድ በእጅ የተሠሩ የአገሬው ጓንቶች ተዘጋጅተው ነበር። ከላይ በተገኘው ስሌት በጥንድ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ቢያዝ እንኳ ከ40,000 ሰዓት በላይ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚሞላው ብዙ እጅ ቀደም ብሎ ሲሰማራ ብቻ ነው። በአንድ ወር ለማድረስ ቃል የሚገባ ደላላ በቅድሚያ ሠራተኞቹን ይቁጠር።

በአገራችን ቅዝቃዜም ሱፍም አለ። የራስ ዳሽን ጫፍ ከ4,500 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣ ጎብኚ ሌሊቱን ያለ ጓንት አያድርም። ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚጓዝ ቤተሰብ ያለውም ሁሉ የስጦታ ገዢ ነው። የመንዝ በግ ሱፍ በርኖስ፣ ባናና ዝተት ሲሠራበት የኖረ ጠንካራ ሱፍ ነው፤ ሻካራ ስለሆነ ግን በባዶ እጅ ላይ ይኮሰኩሳል። ለአንባር ወይም ገበር ላለው ጓንት እንጂ በቀጥታ ቆዳ ለሚነካ ጓንት አይመከርም።

ከመረከብ በፊት

ዕቃ የሚረከብ ነጋዴ ጓንቱን ይገልብጠው። ውስጡ ሲታይ የክሩ ጫፍ ተቋጥሮ ከተተወ ጣት ላይ ይቆረቁራል፤ ተሰክቶ ካለቀ ደህና ነው። የጣቶቹን ሥር ወደ ብርሃን ይያዝ፤ ቀዳዳ ካለ ዐይን ሲለቀም ተዘሏል። አንባሩን በሁለት ጣት ወጥሮ ይልቀቀው፤ ወዲያው ካልተመለሰ አጀማመሩ ላልቶ ወይም ክሩ ሞቶ ነው።

«ንጹሕ ሱፍ» ተብሎ የመጣን ክር በቃል ማመን አይገባም። አንድ ጣት የሚያህል ክር ተቆርጦ ሲለኮስ፣ ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ዐመዱም በጣት ሲታሽ ይደቃል። አክሪሊክ ከሆነ ይቀልጥና ጠጣር ጓል ሆኖ ይቀራል። አክሪሊክ መጥፎ ክር አይደለም፤ በማሽን ይታጠባል፣ አይሸበሸብም፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ግን ሱፍ ከክብደቱ ሲሦ የሚጠጋ እርጥበት ይዞ ሳይቀዘቅዝ ስለሚቆይ በሱፍ ዋጋ መሸጥ ያለበት ሱፍ ነው።

መጨረሻ ላይ ያለው መለኪያ ናሙናው ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በ10 በ10 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ሠርቶ፣ አጥቦ፣ አድርቆ ዐይኑን መቁጠር ግድ ይላል። 22 ይወጣል ተብሎ 24 ከወጣ፣ የ44 ዐይን ጓንት ከ20 ወደ 18 ሳንቲ ሜትር ግድም ይወርዳል፤ የወንድ ተብሎ የታዘዘው የሴት ይሆናል። ናሙናውን ሠራተኛዋና ተረካቢው ለሁለት ቢቆርጡትና ግማሽ ግማሹን ከውሉ ጋር ቢያያይዙት፣ 50 ጥንድ ሲመጣ «ይህ አይደለም ያዘዝሁት» የሚለው ክርክር በሽቦና በማስመሪያ ያልቃል።