ኦቲዝም ያለባቸው ሕፃናት በጨዋታ መሃል እንዲናገሩ ማገዝ

ጨዋታውን የሚመርጠው ልጁ ነው። የአሻንጉሊት መኪና ገልብጦ ጎማውን ብቻ የሚያሽከረክር ሕፃን «እንዲህ አይደለም» ብሎ ከሚያርመው ይልቅ አብሮት የሚያሽከረክር ሰው ያስፈልገዋል፤ ቃል በቀላሉ የሚይዘው ልቡ ባረፈበት ነገር ላይ ነውና። ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ የቀሩት መጫወቻዎች ከዓይን ይሰወራሉ። አጫዋቹ ልጁ ቀና ሲል ፊቱን እንዲያይ ወለሉ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ አገጭ ይዞ «እየኝ» ማለት ግን አይገባም።

ንግግሩ ያጥራል። ገና ቃል ለማያወጣ ልጅ አንድ ቃል ይበቃል፤ «ኳስ» ማለት ለጀመረ «ትልቅ ኳስ» ይባላል። «ይሄ ምንድን ነው?» እያሉ መጠየቅ ጨዋታውን ፈተና ያደርገዋል። ጎማው ሲዞር «ዞረ!»፣ ሲቆም «ቆመ!» ማለት ይሻላል።

ከሁሉም የሚከብደው መጠበቅ ነው። ልጁ ሰምቶ፣ ገብቶት፣ ድምፅ እስኪያወጣ ጊዜ ይፈልጋል፤ ትልልቆቹ ግን ዝምታው ያስጨንቃቸውና ራሳቸው ይመልሱለታል። ጥሪና መልስ ያለው እኩኩሉ ለዚህ የተመቸ ነው። አጫዋቹ ፊቱን በስስ ነጠላ ሸፍኖ፣ ልጁን በነጠላው ውስጥ እያየ፣ «እኩኩሉ» ይላል፤ «አልነጋም» ብሎም ራሱ ይመልሳል። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ከደገመ በኋላ «ነጋ!» ሲል ነጠላውን ይገልጣል። ልጁ ቅደም ተከተሉን ሲለምድ «ነጋ» ሊባል ሲል ይቆምና በልብ እስከ 10 ይቆጠራል። «ጋ» ቢል፣ ወይም ነጠላውን ቢጎትት፣ መልሷል ማለት ነው፤ ነጠላው ወዲያው ይነሣል፣ «ነጋ!» ይባላል። «በደንብ በል» ብሎ ማስደገም ልጁን ከጨዋታው ያስወጣዋል።

ኦቲዝም ካለባቸው ሕፃናት ብዙዎቹ የሰሙትን እንዳለ ይደግማሉ። «ትፈልጋለህ?» እየተባለ ኳስ የሚሰጠው ልጅ ኳስ ሲያምረው «ትፈልጋለህ» ይላል። ይህም መናገር ስለሆነ አይገሠጽም። ኳሱ ሲሰጠው ቃሉ ከእሱ አፍ ሊወጣ እንደሚገባው ሆኖ ይነገረዋል፦ ለአባቱ «ስጠኝ»፣ ለእናቱ «ስጪኝ»።

ልጁ ጆሮውን ከያዘ ወይም ፊቱን ካዞረ ጨዋታው ይቆማል፤ በቀን ጥቂት ደቂቃ ደጋግሞ መጫወት ከአንድ ረጅም ጊዜ ይሻላል። የሥዕል ካርድና የእጅ ምልክት ንግግርን ያስቀራሉ የሚለው ሥጋት መሠረት የለውም፤ ከቃል ጋር አብሮ ይሠራባቸዋል። ንግግሩ የዘገየ ልጅ ሁሉ የመስማት ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ይናገረው የነበረው ቃል የጠፋበት ደግሞ ሳይዘገይ ሐኪም ሊያየው ይገባል።