የሕፃናት መዋያን የሚመራው ማነው?

እንደሚታወቀው፣ ከማሠልጠኛ ወጥተን ስንመደብ አብዛኞቻችን የምንሄደው ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች ነው። እዚያ ስንደርስ ደግሞ «አዲስ ስለሆናችሁ እስቲ ትንንሾቹን ያዙ» እየተባለ የዜሮ ክፍል ወይም የሕፃናት መዋያ ሊሰጠን ይችላል። ትንንሾቹን መያዝ ግን ትንሽ ሥራ አይደለም። ስለሆነም በዚህ እትም አንድ ጥያቄ አንሥተን ልናጠና ፈለግን። ይኸውም፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ የሕፃናት መዋያና የቅድመ መደበኛ ትምህርት ማዕከል አመራር እነማን ናቸው? ሥራቸውስ ምንድነው? የሚል ነው።

ብዙ ሰው ለዚህ ጥያቄ «ዲሬክተሯ ናታ!» ብሎ ፈጥኖ ይመልሳል። መልሱ ግማሽ እውነት ነው። ዲሬክተሯ ወረዳ ለስብሰባ በሄደች ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አንድ የማይታወቅ ሰው መጥቶ «አጎቱ ነኝ፣ ልጁን ስጡኝ» ቢልስ? ያን ጊዜ አመራሩ በር ላይ የቆመችው ሞግዚት ናት። እንግዲህ የመዋያ አመራር የሚለካው ኃላፊዋ ባለችበት ሰዓት ሳይሆን በሌለችበት ሰዓት ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ሀ. ከየኔታ ደጅ እስከ ቀበሌ መዋለ ሕፃናት

ጎንደር ውስጥ ልጅን በጧቱ ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም። ቅድመ መደበኛ የሚለው ስም ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ሕፃናት ፊደል ለመቁጠር ወደ የኔታ ይላኩ ነበር። ከሀሁ ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ይዘልቃሉ። ነገሩን ከአመራር አንጻር ስናየው አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የኔታ አንድ ናቸው፣ ልጆቹ ግን ብዙ ናቸው። ታዲያ እንዴት ተቻለ? ዳዊት የደረሰው ልጅ ፊደል ለሚቆጥረው ያስቆጥራል፤ የኔታ ደግሞ ሁሉንም በጆሯቸው ይከታተላሉ፤ የሳተ ሲሰሙ ያርማሉ። ይህ ሥራን የማከፋፈል ዘዴ ነው። ጉድለትም ነበረው። አለንጋው አይቀሬ ነበር፤ ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነም የኔታ ሲታመሙ ጉባኤው ሊበተን ይችል ነበር።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ መዋለ ሕፃናት በከተማ ቀበሌዎችና በገበሬ ማኅበራት ሥር እየተስፋፉ ሄዱ። በ1970ዎቹም የሕፃናት ኮሚሽን ተቋቋመ። አመራሩ በኮሚቴ ስለነበረ ከየኔታ ደጅ የተለየ ይመስላል። ነገር ግን እሱም የተንጠለጠለው በአንድ ገመድ፣ ማለትም በመንግሥት መዋቅር ላይ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙዎቹ መዋለ ሕፃናት ድጋፋቸውን አጡ፤ በከተሞችም በክፍያ የሚሠሩ የግል መዋለ ሕፃናት እየበዙ መጡ። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች አንድ ላይ ሆነው የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ሦስት መሥሪያ ቤቶች መፈረማቸው በራሱ ትምህርት ነው። ሕፃን ልጅ የትምህርት ብቻ፣ የጤና ብቻ፣ ወይም የእናቱ ብቻ ጉዳይ አይደለምና።

ለ. የወይዘሮ አበበች ጎበና ሥራ

ለትርፍ ያልቆመ የሕፃናት ድርጅት አመራር በአገራችን እንዴት እንደሚወለድ ለማወቅ የክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን ታሪክ ማየት ይበቃል። አበበች በ1928 ዓ.ም. ሰላሌ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ስለሞቱ በአያቶቻቸው እጅ አደጉ፤ ገና በልጅነታቸው ሳይፈቅዱ ቢዳሩም ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ። በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ሲሄዱ ረኃብ ደረሰባቸው። ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ የልጆቹ ቁጥር 21 ደረሰ። ቤተሰቡ ይህን ሊቀበለው ስላልቻለ አበበች ትዳራቸውንና ሞቀ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። እንጀራና ሌላም ምግብ እየሠሩ በመሸጥ አሳደጓቸው።

እስከዚህ ድረስ የአንዲት ደግ ሴት ታሪክ ነው። እኛን የሚመለከተው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። አበበች በደግነታቸው ብቻ አልቆሙም፤ ሥራውን በማኅበር አደራጁት። የአበበች ጎበና የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር ሕጋዊ ድርጅት ሆኖ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ትምህርት ቤት ከፍቶ፣ ልጆችን በየዘመዱ ቤት እያሉም እየረዳ ሰፋ። አበበች ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ሲያርፉ ኀዘኑ ከባድ ነበር፤ ማኅበሩ ግን አልተዘጋም። አንድ መሪ ትልቅ የሚባለው ያቋቋመው ነገር ያለ እሱ መቆም ሲችል ነው።

ሐ. አመራሩ እነማን ናቸው?

አንድ አነስተኛ ማዕከል፣ 60 ሕፃናት ያሉት እንበል፣ ቢያንስ እነዚህን የሥራ ክፍሎች ይፈልጋል።

1. ቦርድ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 በቦርድ የሚመራ ድርጅትን ይፈቅዳል፤ በዚህ ዓይነት ድርጅት የበላዩ አካል ቦርዱ ነው። ቦርድ ዕቅድና በጀት ያጸድቃል፣ ሥራ አስኪያጁን ይሾማል፣ ይቆጣጠራል። ልጅ አያጥብም፣ ፊደል አያስቆጥርም፤ ሠራተኛውን በየቀኑ እየጠራም አያዝም። ቦርድ በየሰዓቱ ጣልቃ ከገባ ዲሬክተሯ ስም ብቻ ሆና ትቀራለች።

2. ዲሬክተር ወይም ሥራ አስኪያጅ። ማዕከሉን ከቦርድ፣ ከወላጅ፣ ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ከረጂዎች ጋር ታገናኛለች። ሠራተኛ ትቀጥራለች፣ ትመዝናለች። ትልቁ ሥራዋ ግን ማን ምን የመወሰን ሥልጣን እንዳለው በጽሑፍ ማስፈር ነው።

3. የትምህርት ኃላፊ። የአራት ዓመት ልጅ በጨዋታ፣ በተረት፣ በዘፈንና በእጁ በመንካት እንደሚማር አውቃ መምህራኑን የምታግዝ ናት። ሕፃናቱን የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ እያስደገመ «እዩልኝ ማንበብ ቻሉ!» የሚል ማዕከል ወላጅን ያስደስት ይሆናል፤ ልጁን ግን ከመማር ያስመርረዋል።

4. የሞግዚቶች አስተባባሪ። ብዙ ጊዜ በአመራር ዝርዝር ውስጥ የማትገባው ይህች ናት። ማን ምሳውን እንዳልበላ፣ ማን ሰውነቱ እንደጋለ፣ ማን ከቤቱ አዝኖ እንደመጣ መጀመሪያ የምታውቀው ሞግዚቷ ሆና ሳለ በስብሰባ ላይ ሻይ አቅራቢ ብቻ ትሆናለች። ይህ መታረም አለበት።

5. የሒሳብና የንብረት ኃላፊ። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ስለሆነም ለሕፃናቱ ምግብ የወጣውና ለቢሮ የወጣው በየደረሰኙ ተለይቶ መመዝገብ አለበት። ገንዘብ የሚይዘውና ወጪ የሚፈቅደው አንድ ሰው መሆን የለባቸውም።

ከእነዚህ ጋር የወላጆች ኮሚቴ አለ። ኮሚቴው ለመዋጮ ብቻ የሚጠራ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓትን በመሰለ ጉዳይ ላይ ድምፅ ሊኖረው ይገባል። ቅዳሜ ገበያ አትክልት የምትሸጥ እናት ጎሕ ሳይቀድ ነው ከቤቷ የምትወጣው፤ በሁለት ሰዓት ተኩል የሚከፈት መዋያ ለእሷ የተዘጋ ያህል ነው።

መ. በቡድን መምራት

በቡድን መሥራት ለጎንደር እንግዳ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. በከተማችን የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አንድ ላይ እያሠለጠነ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። አንዱ በሽተኛ ሲያክም ሌላዋ እናቶችን ትከታተላለች፣ ሦስተኛው ምንጭና መጸዳጃ ይመለከታል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ በሽታው ተመልሶ ይመጣል።

በጣሊያን አገር ሬጂዮ ኤሚሊያ አካባቢም ተመሳሳይ ልምድ አለ። ጦርነቱ እንዳበቃ በ1937 ዓ.ም. የቪላ ቼላ መንደር ነዋሪዎች ጀርመኖች ጥለውት የሄዱትን ታንክ፣ መኪናና ፈረስ ሸጠው ለሕፃናት ትምህርት ቤት መሥራት ጀመሩ። ከዚያ በተስፋፉት የሬጂዮ መዋለ ሕፃናት ውስጥ ወላጆች በአስተዳደሩ ይሳተፋሉ፤ ወጥ ሠሪዋም እንደ መምህራኑ የሥራ ባልደረባ ትቆጠራለች። ልጅ የሚበላውን የምታውቅ ሴት ስለ ልጁ የምትለው አላት እኮ!

ሠ. በደጋው አገር

እንግዲህ ይህን ሁሉ ወደ እኛ አገር እናምጣው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከዚያ በላይ ያሉት መንደሮች ደግሞ የባሰ ይቀዘቅዛሉ። ብርዱ የአመራር ጉዳይ ነው ብንል የሚገርመው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሦስት ነገሮችን እንመልከት።

አንደኛው ከሰል ነው። ጧት ብርድ ሲጠና ለሕፃናቱ ታዝኖ የከሰል ምድጃ ወደ ክፍል ይገባል፤ መስኮትና በርም ይዘጋል። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ አየር አይታይም፣ አይሸትም፣ ግን ይገድላል። በተኛ ሕፃን ላይ ደግሞ ይፈጥናል። «ከሰል ወደ ክፍል አይገባም» የሚለው ደንብ በዲሬክተሯ ልብ ውስጥ ቢቀመጥ አይረባም። በግድግዳ ተጽፎ፣ ዘበኛውም ወጥ ሠሪዋም ሊያስከብሩት የሚችሉ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ቆሎ ነው። የገብስ ቆሎ፣ ሽምብራና ባቄላ የአገራችን ስንቅ ቢሆንም ለሦስት ዓመት ልጅ ግን ሊያንቅ ይችላል። በሶ ይሻላል፤ የተቀቀለ ድንችም ተፈጭቶ ይሰጣል። አንድ ልጅ ቢታነቅ ሐኪም እስኪመጣ አይቆይምና እያንዳንዱ ሠራተኛ የመጀመሪያ ርዳታ መሠልጠን አለበት።

ሦስተኛው ርቀት ነው። ትኩሳት የያዘውን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ለመውሰድ ባጃጅ ወይም በቅሎ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ገንዘብ ያስፈልጋል። ሣጥኑ በዲሬክተሯ ቁልፍ ከተቆለፈና ዲሬክተሯ ከሌለች ልጁ ምን ይሁን? አይሆንም! ለድንገተኛ ችግር የሚሆን ትንሽ ገንዘብ በሞግዚቶች አስተባባሪ እጅ በፊርማ ይቀመጥ፤ ወጪውን በማግሥቱ ታስረዳለች።

በሩን በሚመለከትም እንዲሁ ነው። ልጁን ማን ሊወስድ እንደሚችል ወላጅ ሲያስመዘግብ የሁለት ወይም የሦስት ሰው ስም ይስጥ። በመዝገቡ ላይ የሌለ ሰው፣ የቀበሌ ሹም እንኳ ቢሆን፣ ሞግዚቷ «ይቅርታ፣ አልሰጥም» የማለት ሥልጣን ይኑራት። ዲሬክተሯም በማግሥቱ ከጎኗ ትቁም። አንድ ጊዜ ብቻ «ለምን ሰው አስቀየምሽ?» ተብላ ከተቆጣች ሁለተኛ አትከለክልም።

ቅጣትም አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ውስጥ ከአካላዊ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ከየኔታ ደጅ ሥራ ማከፋፈልን እንውረስ፣ አለንጋውን ግን እዚያው እንተወው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደተመለከትነው የሕፃናት መዋያ አመራር የአንድ ወንበር ሥልጣን አይደለም። ቦርዱ አቅጣጫውን፣ ዲሬክተሯ ትስስሩን፣ የትምህርት ኃላፊዋ ጨዋታውን፣ ሒሳብ ሠራተኛው አደራውን፣ ሞግዚቷ ልጁን ይጠብቃሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ስለዚህ ነገ ተመድበን ስንሄድ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ለወንበርና ለጠረጴዛ ከመጨነቃችን በፊት ሠራተኛውን ሁሉ፣ ወጥ ሠሪዋንና ዘበኛውን ጨምሮ፣ ሰብስበን «እኔ በሌለሁበት ቀን ማን ምን ይወስናል?» ብለን እንጠይቅ። መልሱንም በወረቀት እናስፍር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሞግዚት በአመራር ስብሰባ ላይ ድምፅ ቢኖራት ምን ይጠቅማል? ምንስ ችግር ያመጣል?

2. በምታውቁት አንድ መዋያ ወይም የዜሮ ክፍል ውስጥ ልጅ ድንገት ቢታመም የሚወስነው ማነው? ገንዘቡስ ከየት ይገኛል?

3. በመኸር ወራት እናቶች ማሳ በሚውሉበት ጊዜ የመዋያው ሰዓት እንዴት ይስተካከል? ውሳኔው የማን መሆን አለበት?