የወፍ እንቁላል ለሐኪም ምን ይነግረዋል? (ለሚያጠቡ እናቶች በተለይ)



በቅርቡ የሦስት ወር ልጅ የምታጠባ አንዲት እናት በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ዶክተር፣ የእናት ጡት ወተት ውስጥ ኬሚካል ይገኛል የሚል ነገር ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ማጥባቴን ላቁም ወይ?»

መልሱን ላስቀድም፦ እህቴ፣ አታቁሚ። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን ዛሬ ስለ ወፍ እንቁላል አወራችኋለሁ። ወፍና ጡት ወተት ምን አገናኘው እንዳትሉኝ፣ መጨረሻ ላይ ይገናኛሉ።

እንቁላል ለምን ይመረመራል?

አንዳንድ ኬሚካሎች ሁለት መጥፎ ጠባይ አላቸው። አንደኛ፣ ቶሎ አይበሰብሱም፤ አፈርና ውሃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያሉ። ሁለተኛ፣ የሚሟሙት በውሃ ሳይሆን በስብ ነው። ስለዚህ በሽንት በቀላሉ አይወጡም፣ ሰውነት ስብ ውስጥ ይከማቻሉ። ፀረ-ተባዩ ዲዲቲ፣ ድሮ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ ይገባ የነበረው ፒሲቢ፣ እንዲሁም ፕላስቲክና ቆሻሻ ሲቃጠል የሚፈጠረው ዳይኦክሲን ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

ሐይቅ ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ ጥቃቅን የውሃ ፍጥረታት ይወስዷቸዋል። እነዚያን ትንሽ ዓሣ ይበላል፣ ትንሹን ትልቁ ይበላል፣ ትልቁን ደግሞ ወፏ ትበላለች። በየደረጃው መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል። ወፏ እንቁላል ስትጥል ከስቡ ጋር ኬሚካሉንም ወደ አስኳሉ ታስተላልፋለች።

እኛ የበሽተኛ ደም ቀድተን ላብራቶሪ እንደምንልክ፣ ተመራማሪዎችም እንቁላሉን ይልካሉ። ወፏን መግደል አያስፈልግም፣ ከየጎጆው አንድ እንቁላል ይበቃል።

ቅርፊቱ የሳሳው እንቁላል

ነገሩን ቀድመው ካስተዋሉት አንዱ እንግሊዛዊው ዴሬክ ራትክሊፍ ነው። ፔሪግሪን የተባለው ጭልፊት እንቁላሉ ጎጆው ውስጥ እየተሰበረ ቁጥሩ ሲመናመን፣ ሰዎች ለዓመታት ሰብስበው ያስቀመጧቸውን የድሮ እንቁላሎች ቅርፊት ከአዲሶቹ ጋር አነጻጸረ። እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተመው ውጤት እንደሚያሳየው ቅርፊቱ መሳሳት የጀመረው በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ዲዲቲ በስፋት መረጨት የጀመረውም በዚያው ጊዜ ነበር። በኋላ እንደታወቀው፣ ዲዲቲ ሰውነት ውስጥ ሲለወጥ የሚፈጠረው ዲዲኢ ካልሲየም ወደ ቅርፊቱ በበቂ መጠን እንዳይደርስ ያደርጋል። እናቲቱ ልታቅፈው ስትቀመጥበት እንቁላሉ ከሥሯ ይሰበራል።

የታላላቅ ሐይቆች ምርመራ

በካናዳና በአሜሪካ ድንበር ላይ ባሉት ታላላቅ ሐይቆች ሄሪንግ ገል የሚባል ዓሣ በል ወፍ አለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኦንታሪዮ ሐይቅ ላይ እንቁላሎቹ አልፈለፈል አሉ፣ መንቆራቸው የተጣመመ ጫጩቶችም ታዩ። የካናዳ የዱር እንስሳት አገልግሎት ከ1974 ጀምሮ በየዓመቱ ከሐይቆቹ ዙሪያ እንቁላል እየሰበሰበ ይመረምር ጀመር። ይህ ወፍ የተመረጠው አዋቂዎቹ ክረምት ከበጋ እዚያው ስለሚኖሩ ነው። እንቁላሉ ውስጥ የሚገኘው በአብዛኛው የዚያው ሐይቅ ኬሚካል ነው።

ከተመረመሩት የተረፈው ናሙና ደግሞ በረዶ ቤት ይቀመጣል። ይህ ብልህነት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዳይኦክሲን እንቁላሎቹ ውስጥ ሲገኝ፣ የተቀመጡትን አውጥተው መረመሩና ከአሥር ዓመት በፊት መጠኑ ከዚያም የባሰ እንደነበር አወቁ።

ደስ የሚለው ክፍል ይሄ ነው፦ አሜሪካ ዲዲቲን በ1972 ከከለከለች፣ የፒሲቢ ምርትም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ከቆመ በኋላ፣ እንቁላሎቹ ውስጥ ያለው መጠን በእጅጉ ወረደ። ጫጩቶቹም እንደገና መፈልፈል ጀመሩ።

ግን ታሪኩ እዚያ አላበቃም። ሶፋና ኤሌክትሮኒክስ ቶሎ እሳት እንዳይዘው ይጨመሩ የነበሩ ፒቢዲኢ የሚባሉ ኬሚካሎች ከ1981 እስከ 2000 እንቁላሎቹ ውስጥ በየሦስት ዓመቱ ገደማ በእጥፍ ሲያድጉ ታዩ። ዋና ዋናዎቹ በ2009 በስቶክሆልም ስምምነት የተከለከሉ ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ ገቡ።

ስዊድን ውስጥም እንዲሁ ነው። ስቶራ ካርልሶ ከምትባለው ደሴት ከ1968 ጀምሮ ተሰብስበው በተቀመጡ ጊልሞት የተባለ የባሕር ወፍ እንቁላሎች ውስጥ፣ ለምንጣፍና ለእሳት ማጥፊያ አረፋ ያገለግል የነበረው ፒኤፍኦኤስ እስከ 2003 ወደ 30 እጥፍ ገደማ ጨምሮ ተገኝቷል። ይህ ኬሚካል እንደ ሌሎቹ በስብ ሳይሆን በፕሮቲን ላይ ነው የሚጣበቀው፤ ያም ሆኖ እንቁላል ውስጥ ከመግባት አልቀረም።

ወደ እኛ ስንመጣ

እኛ ሀገር ዲዲቲ ለረጅም ዓመታት ለወባ መከላከያ ቤት ለቤት ተረጭቷል። የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል፣ ይህ አይካድም። ነገር ግን በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዓሣና ዓሣ በል ወፎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች የዲዲቲ ርዝራዥ ተገኝቷል። በጅማና አካባቢዋ በተደረገ ጥናትም በላም ወተትና በእናት ጡት ወተት ውስጥ ታይቷል። መንገዱ ከወፏ ጋር አንድ ነው፦ እናት ስቧን ስታካፍል፣ ስቡ ውስጥ ያለውም አብሮ ይሄዳል።

ታዲያ ለምን አታቁሚ አልኩ? የጡት ወተት ሕፃኑን ከተቅማጥ፣ ከሳንባ ምችና ከሌሎች ኢንፌክሽኖች ይጠብቃል። በንጽሕና ያልተዘጋጀ የጣሳ ወተት የሚያመጣው አደጋ ዛሬ ነው የሚደርሰው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት ጡት ብቻ እንዲሰጥ የሚመክረው ይህን ሁሉ መዝኖ ነው። ስዊድኖች ከ1970ዎቹ ጀምሮ የእናቶችን ወተት ሲመረምሩ ዲዲቲና ፒሲቢ ከክልከላው በኋላ እየቀነሱ ሄደዋል። እዚያ መፍትሔ የሆነው ኬሚካሉን መከልከል እንጂ ጡት ማስጣል አልነበረም።

ቤታችን ምን እናድርግ?

1. ፕላስቲክ፣ ጎማና የኤሌክትሪክ ሽቦ ግቢ ውስጥ አታቃጥሉ። ጢሱ ይበናል፣ አመዱ ግን አፈር ላይ ይቀራል።

2. ዶሮዎቻችሁ ቆሻሻ በሚቃጠልበት ቦታ እንዳይጭሩ አጥሩት። የሀበሻ ዶሮ እንቁላል ጥሩ ምግብ ነው፣ ብሉ፤ የምትጭርበት መሬት ግን ንጹሕ ይሁን። ኬሚካሉ አስኳሉ ውስጥ ስለሚሆን በመቀቀል አይጠፋም።

3. የፀረ-ተባይ ጀሪካንና ጠርሙስ አጥባችሁም ቢሆን ለውሃ፣ ለዘይት ወይም ለጠላ አትጠቀሙበት።

4. የእርሻ መድኃኒት እህልና ባቄላ ላይ በዘፈቀደ አትርጩ። የግብርና ባለሙያ የነገራችሁን መድኃኒትና መጠን ብቻ ተጠቀሙ።

5. የዱር ወፍ እንቁላል ከጎጆው አታንሱ፣ ልጆቻችሁንም ምከሩ። ያን ሥራ ለተመራማሪዎች ተዉላቸው።

ለጠየቅሽኝ እህቴ፦ ዛሬ ማታ ልጅሽን አጥቢና ተኚ። ነገ ጠዋት ጎረቤትሽ ግቢ ውስጥ ፌስታል ስታቃጥል ካየሻት ደግሞ ይህን ጽሑፍ አንብቢላት።

ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ፣ እንደተለመደው እመልሳለሁ። ለምታጠባ ጓደኛችሁም አጋሩላት። ጤና ለሁላችን!