አመዛዛኝ ድርሰት፦ የትምህርት መመዘኛን ማን ይወስን?

ሀ. መግቢያ

አመዛዛኝ ድርሰት አከራካሪ ጉዳይን አንሥቶ የሁለቱንም ወገን ሐሳብ በማስረጃ የሚመዝን የድርሰት ዓይነት ነው። ጸሐፊው አቋሙን መግለጥ ይችላል፤ ነገር ግን የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ አጣሞ ማቅረብ የለበትም። ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ ክርክሩ የተመሠረተባቸውን ቃላት ትርጉም መለየት አለበት። ሁለት ሰዎች በአንድ ቃል ሁለት ነገር እያሰቡ ቢከራከሩ አይግባቡምና። ይህን እያሰባችሁ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በምንባቡ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለ. ምንባብ

አንድ መመዘኛ ወይስ ሃምሳ?

የዩናይትድ ስቴትስ ሕገ መንግሥት ስለ ትምህርት በስም የሚናገረው ነገር የለም። በ1791 የጸደቀው አሥረኛው ማሻሻያ ለፌዴራሉ መንግሥት ያልተሰጠና ለግዛቶች ያልተከለከለ ሥልጣን የግዛቶቹ ወይም የሕዝቡ እንደሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ ትምህርት ቤቶችን በዋናነት የሚመሩት 50ዎቹ ግዛቶችና በየአካባቢው ያሉ የትምህርት ቦርዶች ናቸው።

በ1983 አንድ ኮሚሽን የአገሪቱ ትምህርት ደረጃው እያሽቆለቆለ ነው የሚል የማስጠንቀቂያ ዘገባ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ጋለ። በ2002 የጸደቀ ሕግ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በየዓመቱ በንባብና በሒሳብ እንዲፈተኑ አዘዘ፤ ሆኖም የፈተናውን ይዘትና የማለፊያውን ልክ የሚወስኑት ግዛቶቹ ነበሩ። በዚህም ምክንያት በአንዱ ግዛት «ብቁ» የተባለ ተማሪ ወሰን ተሻግሮ ቢፈተን ብቁ ላይባል ይችል ነበር።

የጋራ መመዘኛ ደጋፊዎች ክርክራቸውን የሚያቆሙት በዚህ ላይ ነው። የሒሳብ ሕግ በየግዛቱ አይለወጥም፤ ወላጆቹን ተከትሎ ወደ ሌላ ግዛት የሚዛወር ልጅም ያልተማረውን ሊጠየቅ አይገባውም ይላሉ። ማለፊያው ዝቅ ባለበት ግዛት ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት ጉድለቱን የሚረዳው ኮሌጅ ከገባ በኋላ እንደሆነም ያስረዳሉ።

ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው የማዕከል ስሕተት ልጆችን ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደሚጎዳ፣ የአንድ ግዛት ስሕተት ግን እዚያው ተወስኖ ለሌሎች መማሪያ እንደሚሆን ይገልጣሉ። ለምሳሌ፣ ማሳቹሴትስ በ1993 ባወጣችው ሕግ የራስዋን ጠንካራ መመዘኛ መሥርታ በ2005 በአገር አቀፉ ምዘና ተማሪዎቿ በንባብም በሒሳብም ከግንባር ቀደሞቹ ተሰልፈዋል። ከዚህም ሌላ ወላጅ ቅሬታውን ለአካባቢው ቦርድ ሊያሰማ ይችላል፤ ዋሽንግተን ግን ሩቅ ናት።

በ2010 የግዛት አስተዳዳሪዎች ማኅበርና የግዛቶች የትምህርት ኃላፊዎች ምክር ቤት ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ ቋንቋና የሒሳብ የጋራ መመዘኛ ወጣ። ከ40 የሚበልጡ ግዛቶች ሲቀበሉት ቴክሳስና ቨርጂኒያ አልተቀበሉትም። ሐሳቡን ያመነጩት ግዛቶቹ ቢሆኑም፣ የፌዴራሉ መንግሥት ለውድድር ባቀረበው ገንዘብ የጋራ መመዘኛ ለሚቀበሉ ግዛቶች ነጥብ ይሰጥ ስለ ነበር፣ ብዙዎች ነገሩን የተሸፈነ ትእዛዝ አድርገው ቈጠሩት። በ2014 ኢንዲያና የመጀመሪያዋ ሆና መመዘኛውን ተወች። በ2015 የወጣው ሕግም የፌዴራሉ መንግሥት ማናቸውንም መመዘኛ በግዛቶች ላይ እንዳይጭን ከለከለ፤ ዓመታዊው ፈተና ግን እንዲቀጥል አደረገ።

በዚህ ክርክር ሁለት ቃላት ብዙ ጊዜ ተደባልቀዋል። መመዘኛ ተማሪው በክፍሉ መጨረሻ ሊያውቀው የሚገባውን ይወስናል፤ ሥርዓተ ትምህርት ግን በየትኛው መጽሐፍ፣ በምን ቅደም ተከተልና ዘዴ እንደሚማረው ያመለክታል። መድረሻውን በጋራ መወሰን መንገዱን ለየአካባቢው ከመተው ጋር የግድ አይጋጭም። እርግጥ ነው፣ ፈተናው ሲከብድ መምህሩ የሚፈተነውን ብቻ ወደ ማስተማር ሊያዘነብል ይችላል፤ ያን ጊዜ መድረሻው መንገዱንም ይወስናል። ስለሆነም ተገቢው ጥያቄ «ማን ይወስን?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «የትኛውን ማን ይወስን?» የሚለው ነው።

ሐ. ማስተዋያ

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» እንዲሉ፣ በምንባቡ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ሐሳቦች በማስረጃ ተደግፈዋል። ሐሳቦቹን የሚያገናኙት ደግሞ አያያዥ ቃላት ናቸው። «ነገር ግን»፣ «ሆኖም»፣ «በበኩላቸው» ተቃርኖን ወይም ንጽጽርን፣ «ስለዚህ»፣ «በዚህም ምክንያት»፣ «ስለሆነም» ውጤትን፣ «ከዚህም ሌላ» ተጨማሪ ሐሳብን ያሳያሉ። «ቢሆንም» የሌላውን ወገን እውነት ተቀብሎ የራስን ሐሳብ ለማስከተል ይጠቅማል።

መ. መልመጃ

1. የሁለቱን ወገኖች ዋና ዋና ምክንያቶች በሁለት ረድፍ ለይታችሁ ጻፉ።
2. «መመዘኛ» እና «ሥርዓተ ትምህርት» የሚሉትን ቃላት ልዩነታቸው በሚታይበት አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ።
3. «ቢሆንም»ን በመጠቀም የማትስማሙበትን ወገን ጠንካራ ምክንያት የሚቀበሉ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች መሥርቱ።
4. «ለሁሉም ተማሪዎች አንድ ዓይነት ፈተና መስጠት ተገቢ ነውን?» በሚል ርእስ አራት አንቀጽ ያለው አመዛዛኝ ድርሰት ጻፉ።