ታቦቱን ተሸክሞ ሕጉን መርሳት

በጥንታዊት እስራኤል አምልኮ ከነበሩት ንዋያተ ቅድሳት ሁሉ የላቀውን ስፍራ የያዘው የቃል ኪዳኑ ታቦት ነው። በአገራችን ታቦት የሚለው ቃል ከሕፃንነታችን ጀምሮ በልባችን የታተመ በመሆኑ፣ ስለ እርሱ የተጻፈውን ሁሉ የምናውቅ ይመስለናል። ነገር ግን በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ የተባረከ ነገር፣ መስቀልም ይሁን መቁጠሪያ ወይም ጸበል፣ በራሱ ኃይል ያድናልን? ለዚህ መልስ ስንሻ ወደ ታቦቱ ታሪክ መመለስ ይበጀናል።

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 25 እንደምናነበው፣ ታቦቱ ከግራር እንጨት የተሠራ፣ በውስጥም በውጭም በጥሩ ወርቅ የተለበጠ ሣጥን ነበር። ርዝመቱ ሁለት ክንድ ተኩል፣ ወርዱና ቁመቱም አንድ ክንድ ተኩል ነበርና፣ ዛሬ በምንለካበት ከአንድ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ነው። መሎጊያዎቹ ከቀለበቶቹ ከቶ እንዳይወጡ ታዝዞ ነበር። ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም ብዙ ያስተምራል እንላለን፤ ሣጥኑ ዘወትር ለጉዞ የተዘጋጀ ነበር፤ ሕዝቡን የሚመራው እግዚአብሔር ነው እንጂ ሕዝቡ እርሱን በአንድ ስፍራ ሊያስረው አይችልም። በውስጡ የሕጉ ጽላት ነበሩ። በላዩ ደግሞ የስርየት መክደኛው፣ በሁለቱ ጫፎችም ክንፎቻቸውን የዘረጉ ኪሩቤል ነበሩ። በኪሩቤል መካከል ግን ምንም ምስል አልነበረም። አሕዛብ ጣዖታቸውን በሚያቆሙበት ስፍራ እስራኤል ባዶ ቦታ ትተው ነበር፤ እግዚአብሔርም ሙሴን ያነጋገረው ከዚያ ነው።

ይህን ልብ ካልን በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 4 የተጻፈው ጥፋት ይበልጥ ይገባናል። እስራኤል በፍልስጥኤማውያን ፊት ተሸንፈው 4,000 ያህል ሰዎች ከወደቁ በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ ለምን እንደ ተሸነፉ ጠየቁ፤ ጥያቄው መልካም ነበር። መልሱን ግን አልጠበቁም፤ ንስሓም አልገቡም፤ ታቦቱን ከሴሎ አስመጡ። አብረውት የመጡት የዔሊ ልጆች አፍኒንና ፊንሐስ ነበሩ፤ እነርሱም የመሥዋዕቱን ሥጋ በግድ የሚቀሙ፣ በመገናኛው ድንኳን ደጅም የሚያመነዝሩ ካህናት ነበሩ። እንግዲህ የሻሩትን ሕግ በሣጥን ተሸክመው ወደ ጦር ሜዳ ወጡ ማለት ነው። ሠራዊቱ ምድር እስክትናወጥ እልል አለ፤ በዚያ ቀን ግን 30,000 እግረኛ ወደቀ፣ ታቦቱም ተማረከ። ዔሊ በ98 ዓመቱ ከወንበሩ ወደ ኋላው ወድቆ የሞተው የልጆቹን ሞት ሲሰማ ሳይሆን፣ የታቦቱን መማረክ ሲሰማ ነበር።

እንግዲያስ ታቦቱ ከንቱ እንጨት ነበርን? እንዲህ የሚሉ የአዛጦንን ታሪክ ያንብቡ። በዚያ ጣዖቱ ዳጎን በታቦቱ ፊት በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ፤ ከሰባት ወራትም በኋላ፣ ጥጆቻቸው የተዘጉባቸው ሁለት ላሞች ማንም ሳይመራቸው ታቦቱን ወደ ቤትሳሚስ መለሱት። ለሕዝቡ እንደ ክታብ አልታዘዘም፤ በጠላትም እጅ ቅድስናው አልጠፋም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን ብቻ የሚይዝ ይስታል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ (3፥25) ክርስቶስን የጠራበት የግሪክ ቃል፣ የስርየት መክደኛው በግሪኩ ኦሪት የተጠራበት ቃል ነው። ሊቀ ካህናቱ በዓመት አንድ ቀን ደም የሚረጭበት ያ ስፍራ በመስቀሉ ተፈጸመ። ወንጌላዊው ዮሐንስም በባዶው መቃብር ሁለት መላእክት አንዱ በራስጌ ሌላው በግርጌ ተቀምጠው እንደ ታዩ ሲነግረን (20፥12)፣ እኛ ኪሩቤልንና በመካከላቸው ያለውን ባዶ ስፍራ ሳናስታውስ ማለፍ አንችልም።

ስለዚህ በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1670 የሚለው ከዚህ ጋር ይስማማል፦ የተባረኩ ነገሮች ጸጋን እንደ ሰባቱ ምሥጢራት አይሰጡም፤ በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ግን ጸጋን እንድንቀበልና ከእርሱም ጋር እንድንተባበር ያዘጋጁናል። በአንገቱ መስቀል አንጠልጥሎ ከወንድሙ ጋር ለመታረቅ እንቢ የሚል ሰው ከአፍኒን ምን ያህል እንደሚርቅ ራሱን ይጠይቅ።

መምህራን ይህን ምዕራፍ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሲያነቡ፣ ሽማግሌዎቹ ጥያቄውን ከጠየቁ በኋላ ቆም ብለው መጽሐፉን ይክደኑ፤ ልጆቹም ሽማግሌዎቹ ምን ማድረግ ይገባቸው እንደ ነበር በገዛ ቃላቸው ይናገሩ። ንባቡ ከዚያ በኋላ ይቀጥላል።